የጨረታው አባሪ ረቂቅ፦ ቡድኖቻችን የኖራ ሥራን ምን ያህል እኩል ያውቃሉ?

ጸሐፊ፦ ዓርብ ይገባል። 10 ካርድ፦ ኖራ መዘፍዘፍ፣ ወንፊት፣ አሸዋ፣ ልኬት፣ ማቡካት፣ ድንጋይ ማርጠብ፣ መጋጠሚያ መሙላት፣ በእርጥብ ጆንያ መሸፈን፣ ስንጥቅ፣ ርጥበት። ሠራተኛው ለብቻው ሁለት ሁለቱን እያጣመረ ለዝምድናቸው ከ1 እስከ 7 ይሰጣል። 45 ጥንድ ነው። የአንድ ቡድን ሰዎች መልስ በተስማማ ቁጥር ነጥባቸው ከፍ ይላል። ካርድ አትጨምሩ፤ 12 ካደረጋችሁት 66 ይሆንና መጨረሻ ላይ ዝም ብለው 4፣ 4 ይሞላሉ።

ቡድን 2፦ ፎርማን አጠገባቸው አይቁም፣ ይገለብጣሉ። ደግሞ መስማማት ብቻ ምን ያደርጋል? ሰባቱም «ሲሚንቶ ጠብ ቢደረግበት ይጠነክራል» ካሉ ነጥባቸው ሙሉ ነው፤ ግንቡ ግን ርጥበቱን ማስወጣት ያቅተውና ድንጋዩ ይላጣል። ፋሲል ግቢ በጣሊያን ጊዜ በሲሚንቶ የተጠገነውን ረሳችሁት? ከአንጋፋዎቹ መልስ ጋር የሚያስተያይ ሁለተኛ ውጤት ይውጣ።

ሒሳብ ያዥ፦ «ሞልታው (የኖራና የአሸዋ ቡኮው) ሲሰነጠቅ ማንን ትጠራለህ?» የሚልም ይግባ። ሁሉም የተለያየ ሰው ከጠራ ቡድን የለም።

አናጢው፦ ካርድ 4 «1 ሳጥን ኖራ ለ3 ሳጥን አሸዋ» ይላል። የትኛው ሳጥን?

ጸሐፊ፦ የታወቀው ነዋ።

አናጢው፦ የማን የታወቀ? የእናንተ 50 በ40 በ18 ሳንቲ ሜትር ነው፣ 36 ሊትር። የኛ ቁመቱ 20፣ 40 ሊትር።

ቡድን 2፦ ሁለቱንም በአንድ ሳጥን እስከሰፈርክ 1 ለ3 ያው 1 ለ3 ነው!

አናጢው፦ ሊጥ የሆነ ኖራ በሳጥን ሲሰፈር የት አየህ? በባልዲ ነው የሚመጣው።

ቡድን 1፦ እርጥብ አሸዋም እስከ ሩብ ያብጣል። ሞላሁ ያልከው ጎዶሎ ነው፣ ሞልታው ኖራ ይበዛበትና ሲደርቅ ይሰነጠቃል።

ቡድን 2፦ ሰውዬው ሳጥን ሊሸጥልን ነው መሰል።

አናጢው፦ አፍህን ሰብስብ! ባለፈው የሠራሁላችሁ እስካሁን አልተከፈለም።

ቡድን 1፦ ተዉ እንጂ። ጋሼ ልክ ነው፣ ሳጥኑ አንድ ይሁን።

ጸሐፊ፦ ማንበብ ለማይችሉት ካርዱን በሥዕል አዘጋጃለሁ ያልከው፣ የት ገባህ?

ጸሐፊ፦ እሺ፣ ሰውዬው የለም። የሥዕሉ ካርድ ለሚቀጥለው ይቆይ፤ አባሪው ላይ «ወጥ የልኬት ሳጥን፣ 6» ብዬ አስገባለሁ።

ሒሳብ ያዥ፦ ከማን በጀት?

አናጢው፦ ውስጡ በላሜራ ይለበጥ። ከቅዳሜ ገበያ ስትገዙ ስሱን አታምጡ፣ በአካፋ ይቀደዳል።

ቡድን 2፦ ቁመቱ 18 ነው አይደል?

አናጢው፦ 20።