ክርክር፦ ጅማ ላይ ለሰብል ጥበቃ ላይብረሪ ሲደራጅ ብሩ ቀድሞ የት ይግባ?

አወያይ፦ ጥያቄው ይኸው። ለዕፅዋት በሽታና ለሰብል ሳይንስ የዩኒቨርሲቲ ላይብረሪ ስናደራጅ ብሩ ለሁሉም አይበቃም። አንዱ ወገን የውጭ መማሪያ መጽሐፍ ይገዛ ይላል። ሌላው በየመሳቢያው የቀረው የአገር ውስጥ የምርምር ዘገባና የመመረቂያ ጽሑፍ ተሰብስቦ ስካን ይደረግ ባይ ነው። ዓመት ስትጠቅሱ በፈረንጆቹ ይሁን፤ አለበለዚያ አንግባባም።

የፓቶሎጂ መምህር፦ መጽሐፍ ይቅደም። ስፖርን (የፈንገስን ዘር መሰል ክፍል) ከሃይፋ (ከክር መሰል አካሉ) ላልለየ ተማሪ የምርምር ዘገባ ምን ይሠራለታል? ነገር ግን ከየርዕሱ አንድ አንድ ቅጂ መግዛት ይቅር። አስሉት፦ 60 ተማሪ፣ የሦስት ቀን ውሰት፣ የ16 ሳምንት ሴሚስተር። 112 ቀን ለሦስት ሲካፈል መጽሐፉ ቢበዛ 37 ተማሪ እጅ ይደርሳል፤ ያውም ማንም ሳያዘገይ። ስለዚህ 18 ርዕስ አንድ አንድ ከምንገዛ ሦስት ርዕስ ስድስት ስድስት ቅጂ እንግዛ። ከስድስቱ ሁለቱ ከአዳራሽ የማይወጡ፣ በሁለት ሰዓት የሚመለሱ ይሁኑ። የቀለም ፎቶ ያለው ኦርጅናል እትም ይሁን። ፎቶኮፒ ላይ የቅጠል ዝገቱም፣ ነጠብጣቡም፣ የማዳበሪያ እጥረቱም ሁሉም ጥቁር ጠብታ ነው።

የቡና ተመራማሪ፦ ወንድሜ፣ ስሌቱን አልነካም። መጽሐፉ ግን እስከ የት ያደርሰናል? በየክፍሉ የሚጠቀሰው የአግሪዮስ የዕፅዋት በሽታ መማሪያ መጽሐፍ አምስተኛ እትም የወጣው በ2005 ነው። ኤምኤልኤን የሚባለው የበቆሎ ቫይረስ በሽታ ኬንያ ላይ የታወቀው በ2011፣ እኛ ዘንድ የተገኘው በ2014። መጽሐፉ ከየት ያምጣው? ወደ ቡና ስንመጣ ይብሳል። ሲቢዲ የምንለው የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ውስጥ የታየው በ1971 ነው። 74110፣ 74112፣ 74158 የመሳሰሉት ዝርያዎች የተመረጡት እሱን ለመቋቋም ነው፤ ቁጥሩ ራሱ 1974ን ይናገራል። እንዴት ተመረጡ፣ በየትኛው ከፍታ ተፈተኑ፣ የወደቁት ለምን ወደቁ የሚለውን ከውጭ መማሪያ መጽሐፍ አታገኘውም። ያ ያለው የመልኮን በመሰሉ የምርምር ማዕከላት ዘገባና በተማሪ ጽሑፍ ውስጥ ነው። መጽሐፍ ዛሬ ባይገዛ ከርሞ ይገዛል፤ አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ዘገባ ከጠፋ ግን መተኪያ የለውም።

የፓቶሎጂ መምህር፦ ይሁን፣ ስካን አድርጉት። እንዴት እንደሚደረግ ግን አስቀድመን እንነጋገር፤ በጥድፊያ የተሠራ ስካን ከሌለው የባሰ ጥፋት ያመጣል። ችግኝን ለሲቢዲ ስንፈትን የምንረጨው መጠን በሚሊ ሊትር 2×10⁶ ኮኒዲያ (የፈንገሱ ስፖር) ነው፤ 2 ሚሊዮን ማለት ነው። ጽሑፍ አንባቢው ሶፍትዌር ከፍ ብላ የተጻፈችውን ስድስት አያይም፤ 2×106 ብሎ ያወርደዋል። 212 ማለት ነው። አንድ የማስተርስ ተማሪ ይህን ቀድቶ ቢረጭ ችግኙ ሁሉ አይታመምም፣ ዝርያው ሁሉ "ተቋቋመ" ተብሎ ይጻፋል። ቀጥሎ ያንን ጽሑፍ ስካን አድርገን እናስቀምጣለን።

የዲጂታል ክፍል ባለሙያ፦ ልክ ነዎት። ለዚህ ነው ሰው ማንበብ ያለበት ሶፍትዌሩ አንብቦ ከምስሉ በስተጀርባ የሚያስቀምጠውን ጽሑፍ ሳይሆን የገጹን ምስል የሚሆነው፤ ጽሑፉ ለፍለጋ ብቻ ያገልግል። ሠንጠረዥና የዘዴ ክፍል ደግሞ በሰው ዓይን ይታረም። ጥራቱ ከ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች የነጥብ ብዛት) አይውረድ፤ ፎቶ ያለበት ገጽ በቀለም ይሁን። አንድ የኤ4 ገጽ በቀለም ሳይጨመቅ 26 ሜጋባይት ያህል ነው፤ 120 ገጽ ያለው ጽሑፍ 3 ጊጋባይት፣ 1,000 ጽሑፍ 3 ቴራባይት። ዋናው ፋይል በሁለት ዲስክ፣ በሁለት የተለያየ ሕንፃ ይቀመጥ። ለተማሪ የሚሰጠው 15 ሜጋባይት አካባቢ የሆነ ፒዲኤፍ ነው። ቦታ ለመቆጠብ ብሎ ዋናውን መሰረዝ የተለመደ ስህተት ነው።

ካታሎገር፦ ሁለታችሁም የዘለላችሁት አለ፤ ስሙ። የሲቢዲ ፈንገስ በድሮ ጽሑፍ ኮሌቶትሪከም ኮፊያነም ነው፤ ከ1993 ወዲህ ኮሌቶትሪከም ካሃዌ። የእንሰት አጠውልግ ባክቴሪያ በ1968 ሲገለጽ ዛንቶሞናስ ሙሳሲያረም ተባለ፣ ቀጥሎ ካምፔስትሪስ በሚባለው ዝርያ ሥር ገባ፣ በ2020 ደግሞ ቫሲኮላ ሥር። አዲሱን ስም ብቻ የሚፈልግ ተማሪ የ1970ዎቹን ሥራ በሙሉ ያጣዋል፤ ያ ደግሞ የቡና ተመራማሪያችን የሚሟገትለት ሥራ ነው። ኮሃ በሚባለው የላይብረሪ ሶፍትዌር ላይ፣ 650 በሚባለው የርዕሰ ጉዳይ መስክ ውስጥ የአግሮቮክ (የግብርና መደበኛ ቃላት ዝርዝር) ቃል ይግባ፣ ነፃ ቃላት በሚገቡበት በ653 ውስጥ የድሮ ስሞቹ ሁሉ፣ እንዲሁም "አጠውልግ" ዓይነቱ ገበሬው የሚጠራበት ስም በአማርኛም በኦሮምኛም። መደርደሪያ ላይም ያው መዘዝ አለ፤ መጻሕፍትን በርዕስ ቁጥር በሚመድበው በዲዊ ሥርዓት የፈንገስ በሽታ 632.4፣ ቡና 633.73 ስለሆነ የቡና በሽታ መጻሕፍት ሁለት ቦታ ይበተናሉ። አንዱን መርጦ በጽሑፍ መወሰን ነው።

የኤክስቴንሽን ባለሙያ፦ ለጆርናል ግን ብር አትመድቡ። አጎራ የሚባለው የግብርና ጆርናሎች ስብስብ በሪሰርች ፎር ላይፍ (ለታዳጊ አገሮች የምርምር ጽሑፍ በሚያቀርበው ፕሮግራም) በኩል ለኢትዮጵያ ተቋማት ነፃ ነው። የሚያበላሸው የይለፍ ቃሉ ቴሌግራም ላይ መለጠፉ ነው። አንድ ሰው በአንድ ሌሊት ሙሉ ጆርናል ሲያወርድ አሳታሚው ያየዋል፣ ጠቅላላ ተቋሙ ይዘጋል። መብራትና ኔትወርክ ሲጠፋም እንዲሠራ የተሰበሰበው ፒዲኤፍ በግቢው ሰርቨር ላይ ይቀመጥ።

የዲጂታል ክፍል ባለሙያ፦ ወረቀቱንም እንዳንረሳ። የጅማ ክረምት የዋዛ አይደለም፤ የክፍሉ እርጥበት ከ65 በመቶ በላይ ለቀናት ከቆየ ሻጋታ ይነሳል። ስለ ፈንገስ የተጻፈን መጽሐፍ ፈንገስ ሲበላው ማየት የሚያስቅም የሚያናድድም ነው። መደርደሪያው ከውጭው ግድግዳ 10 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፣ ታችኛው ረድፍም ከወለሉ እንዲሁ። በፕላስቲክ መጠቅለል እርጥበቱን ያፍናል። የሻገተው ለብቻ ወጥቶ ይድረቅና ውጭ፣ በማስክ፣ በለስላሳ ብሩሽ ይጠረግ። በረኪና አይነካው።

ካታሎገር፦ ፈቃድስ? በቅጂ መብት አዋጅ 410/2004 የመመረቂያ ጽሑፉ የጸሐፊው ንብረት ነው። የተመረቀው ሁሉ ተበትኗል።

የቡና ተመራማሪ፦ ከአሁን ወዲያ ተማሪው ሲያስረክብ የፈቃድ ቅጽ ይፈርም። የድሮው ርዕሱና አጭር መግለጫው በካታሎጉ ለሁሉም ይታይ፣ ሙሉው አዳራሽ ውስጥ ይነበብ። ባለቤቱ ሲገኝ ይጠየቃል።

የፓቶሎጂ መምህር፦ ሦስቱ ርዕሶች በስድስት ቅጂ ከተገዙ የቀረው ብር ለስካን ይሂድ፣ አልከራከርም። አንድ ነገር ግን በጽሑፍ ይስፈር፦ ያቺን ከፍ ያለች ስድስት የሚያርማት ማን ነው? በገጽ የሚከፈለው ተራ ተቀጣሪ እንዳይሆን።

የዲጂታል ክፍል ባለሙያ፦ ከእናንተ ክፍል የድኅረ ምረቃ ተማሪ መድቡልን፤ መሣሪያውን እኛ እናሠራለን።

የፓቶሎጂ መምህር፦ ሁለት እንመድባለን። አንዱ ያረመውን ሌላው ካላየው አንቀበልም።