«ግደፍ» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

የቢቸናው፦ እንዴት ዋላችሁ? እኛ ዘንድ ዓርብ ወተት የቀመሰ «ጾም ገደፈ» ይባላል። ጽሑፍ ላይ ፊደል ሲጎድል «ግድፈት» ነው። ባሕረ ሐሳብ፣ የቤተ ክርስቲያኑን የዘመን ቆጠራ፣ የሚያስተምሩን የኔታ ደግሞ «በ19 ግደፍ» ይላሉ። አንድ ቃል ነው ወይስ መመሳሰል ብቻ?

የዲማው፦ አንድ ነው ወንድሜ። በግእዝ «ገደፈ» ጣለ ነው፤ ጾሙን ጣለ፣ ፊደሉን ጣለ። በቁጥሩ የምትጥለው የሞላውን ዙር ነው፣ የምትይዘው ቀሪውን። 2017ን ውሰድ፦ 5,500 ስትጨምርበት ዓመተ ዓለሙ፣ ከዓለም ፍጥረት የሚቆጠረው ዓመት፣ 7,517 ይመጣል። በ19 ስትገድፈው 12 ይቀራል፤ ከላዩ አንድ አንሣ፣ ለቀጣዩ ስሌት መነሻ የሚሆነው ወንበሩ 11። ወንበሩን በ11 አባዝተህ በ30 ብትገድፍ አበቅቴ 1፣ በ19 አባዝተህ በ30 ብትገድፍ መጥቅዕ 29፤ በነዚህ ነው አጽዋማቱና በዓላቱ የሚወጡት። ሁለቱ ተደምረው 30 ካልሞሉ ቆጠራህን ድገም።

የሞጣዋ፦ ሂሳብ አስተማሪ ነኝና ልግባበት። እንግዲያ ብቸኛ ቁጥር ማለት ከ1ና ከራሱ በቀር በምንም ቢገድፉት ቀሪ የማያጣ ነው። 31 ሁለቶችን አባዙና አንድ ቀንሱ፦ 2,147,483,647። በ7 ሲገደፍ 1 ይቀራል፣ በ19 ሲገደፍ 2፣ በ30 ሲገደፍ 7።

የቢቸናው፦ በነዚህ ቀሪ ከተገኘ ብቸኛ ነው ማለት ነው?

የሞጣዋ፦ ኧረ የለም! 11 ሁለቶች አባዝተን አንድ ብንቀንስ 2,047 ነው። በ7 ሲገደፍ 3፣ በ19 ሲገደፍ 14 ይቀረዋል፤ በ23 ሲገድፉት ግን 89 ጊዜ ሄዶ ሙልጭ ይላል። ያን ትልቁን እስከ 46,340 ባሉት መሞከር ያሻል። ከዚያ በላይ አካፋይ ቢኖረው ተባዥ ጓደኛው ከዚያ በታች ስለሚሆን አስቀድሞ ይገኝ ነበር። የሂሳብ ሊቁ ኦይለር በፈረንጆች 1772 ሥራውን አቀለለው። አካፋይ ካለው በ248 ሲገደፍ 1 ወይም 63 የሚቀረው መሆን አለበት አለና የሚሞከሩት ከ400 በታች ወረዱ። አንዱም ያለቀሪ አልገደፈውም፤ ብቸኛ ነው።

የዲማው፦ እሰይ! ሰውዬው ቁጥሩን ከመግደፉ በፊት ድካሙን ገደፈ።

የማርቆሱ፦ ይህን 2,147,483,647 እኛ ኮምፒውተር የምንነካካ በደንብ እናውቀዋለን። በ32 ቢት፣ ማለት ዜሮ ወይም አንድ በሚይዙ 32 ቦታዎች፣ የሚቆጥሩ የቆዩ ሥርዓቶች ከፈረንጆች 1970 መግቢያ ጀምረው ሰከንድ ይቆጥራሉ፤ ማሰሮው የሚሞላው እዚህ ቁጥር ላይ ነው። ወደ እኛ ሲመለስ ጥር 11 ቀን 2030፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ፤ ጥምቀት ማለዳ! ያልታደሰው ማሽን በቀጣዩ ሰከንድ ቆጠራው ከዜሮ በታች ወርዶ ወደ ፈረንጆች 1901 ይወረወራል። የኔታ ይህንንስ «ገደፈ» ይሉታል?

የዲማው፦ ዙሩን ጥሎ ከሆነ ገደፈ ነው። ግን ከዜሮ አልጀመረም፣ ከዜሮ በታች ወረደ አልክ። እኛ ስንገድፍ ከዜሮ በታች አንወርድም፤ ለዚህኛው ሌላ ቃል ፈልጉለት።