ቡድሃ «ነቃ» ሲባል ከምን ነቃ ማለት ነው?

የአዋሬዋ፦

ሰላም ቤቶች። የምሠራው ኩዌት ነው። እኔ ወጥ ቤት ነኝ፤ ጓደኛዬ ልጆች ትይዛለች። የስሪላንካ ሰው ናት፤ ሃይማኖቷ ቡድሂስት ነው። አራት ዓመት አንድ ክፍል አብረን አድረናል። የምንግባባው በተሰባበረ ዐረብኛ ነው።

ባለፈው ግንቦት ጨረቃዋ ሙሉ የሆነች ዕለት ጓደኛዬ ፋኖስ ሠራች። ሽቦው የልብስ መስቀያ፣ ወረቀቱ የስጦታ መጠቅለያ ነበር። ሻማ ስለማይፈቀድልን የስልኳን መብራት ውስጡ አስገባችና መስኮቱ ላይ ሰቀለችው። «ቬሳክ ነው» አለችኝ። ቡድሃ የተወለደው፣ የነቃውና ያረፈው በዚህ ቀን ነው ይላሉ። አገሯ ቢሆን ሰዉ መንገድ ዳር ድንኳን ጥሎ አላፊ አግዳሚውን በነፃ ያበላል። ልክ እንደኛ ዝክር።

በዚያው ሳምንት ማዳም በአንድ ስኒ የተነሳ ጮኸችባት። ስኒውን የሰበርኩት እኔ ነኝ። እሷ ግን ዝም ብላ ስባሪውን ለቀመች፣ ወለሉን ጠረገች፣ የልጆቹን ወተት አሞቀች። ማታ «አልነደደሽም?» አልኳት። «ነደደኝ። እንጨት ግን አልጨመርኩበትም» አለችኝና ተኛች። እኔ ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ አደርኩ።

ከዚያ ወዲህ ስለ እምነቷ ማንበብ ጀመርኩ። አንዱ «አብርሆት» ይለዋል፣ ሌላው «መገለጥ»፣ ሌላው «ብርሃን ማግኘት»። ግራ ገባኝ። ብርሃን ይታያቸዋል? ወይስ ስሜት የሌለው ሰው መሆን ነው? ኒርቫና የሚሉትስ እንደ መንግሥተ ሰማያት ቦታ ነው? እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ሃይማኖት ልቀይር አይደለም። አራት ዓመት ጎኔ የተኛችውን ሰው ማወቅ ፈልጌ ነው። የምታውቁ እባካችሁ።

ባለባቡሩ፦

እህቴ፣ ጓደኛሽ ዋናውን ነገር ነግራሻለች። እኔ የእሷን ቃል ነው የምፈታልሽ።

መጀመሪያ «ብርሃን» የሚለውን ወደ ጎን እናድርገው። ቃሉ ወደኛ የመጣው በእንግሊዝኛው ትርጉም በኩል ነው። የህንዱ ቃል «ቦዲ» ይባላል። ሥሩ መንቃት ነው፤ ሰው ከእንቅልፉ እንደሚነቃው። «ቡድሃ» ራሱ የሰው ስም አይደለም፤ «የነቃው» ማለት ነው። ሰውየው ሲዳርታ ጎታማ ነው። ስለዚህ በኛ አፍ «ንቃት» ይቀርበዋል። አብርሆት ሲባል እኔን ትዝ የሚለኝ አራት ኪሎ ያለው ቤተ መጻሕፍት ነው። የሰፈር ልጆች «ነቄ» የሚሉት እንኳን ይሻላል። ነቄ ማለት የሚሸወድበትን ነገር ያወቀ፣ ከእንግዲህ የማይሸወድ ነው።

ይሄን ነገር የተረዳሁት ህንድ ስማር ነው። ፑኔ ነበርኩ። አንድ ታኅሣሥ ዕረፍት ሲሆን ብቻዬን ባቡር ተሳፈርኩ። ከአንድ ቀን በላይ ተጉዤ ጋያ ደረስኩ። ከጋያ፣ ሲዳርታ ነቃበት ወደሚባለው ወደ ቦድጋያ በባጃጅ ነው የሚኬደው። ቤተ መቅደሱ በር ላይ ጫማ ይወልቃል፣ እንደኛ ቤተ ክርስቲያን። ዕብነ በረዱ እግር ያቆረፍዳል። ነጭ የለበሱ የስሪላንካ ምእመናን ተሰልፈው ይዘምራሉ። ቲቤታውያን እንጨት ላይ ሙሉ ሰውነታቸውን ዘርግተው ይሰግዳሉ፣ ይነሳሉ፣ ደግሞ ይሰግዳሉ። ከቤተ መቅደሱ ጀርባ ዛፉ አለ። የኛ የዋርካና የሾላ ዘመድ ነው። ሲዳርታ የተቀመጠበት ያው ዛፍ ሳይሆን ከዘሩ የበቀለ ነው ይላሉ። የጥንቱ ዛፍ ቅርንጫፍ ደግሞ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን ስሪላንካ ተወስዶ አኑራዳፑራ ተተክሏል፤ ዛሬም አለ። ጓደኛሽን ጠይቂያት፣ ታውቀዋለች።

ቅጠል ሲረግፍ ሰው ሁሉ ይሻማል። አንዲት አሮጊት አንዱን አንስተው አዩኝና ሰጡኝ። የልብ ቅርጽ አለው፤ ጫፉ እንደ ጅራት ቀጥኖ ይወርዳል። እስካሁን ደብተሬ ውስጥ አለ። ደርቆ ደም ስሩ ብቻ ቀርቷል።

እዚያ ምን ሆነ ነው ጥያቄሽ። ሲዳርታ ስድስት ዓመት ራሱን በረሃብ ቀጥቶ ነበር። ሆዱን ሲነካ የጀርባ አጥንቱ እስኪዳሰሰው ድረስ ከሳ። አልጠቀመውም። ከዚያ ሱጃታ የምትባል ሴት በወተት የተቀቀለ ሩዝ ሰጠችው፣ በላ፣ ዛፉ ሥር ተቀመጠ። ዕድሜው 35 ነበር። መጻሕፍታቸው ሌሊቱን በሦስት ይከፍሉታል። በመጀመሪያው ያለፉ ሕይወቶቹን አየ። በሁለተኛው ፍጡራን እንደየሥራቸው ሲሞቱና ሲወለዱ አየ። በሦስተኛው፣ ሊነጋጋ ሲል፣ መከራ ምን እንደሆነ፣ ከምን እንደሚመጣ፣ እንደሚቆምና የሚቆምበትን መንገድ አየ። ንቃት የሚባለው በተለይ ይሄ ሦስተኛው ነው። ከምን ነቃ ላልሽው፣ የሚያልፈውን ነገር እንደማያልፍ ቆጥሮ ከመጨበጥ ነው የነቃው።

አሁን ወደ እንጨቱ እንምጣ። ኒርቫና ማለት የእሳት መጥፋት ነው። ቡድሃ በአንድ ስብከቱ ዓይን ይነዳል፣ ጆሮ ይነዳል፣ ልብ ይነዳል ይላል። የሚያነዱት ሦስት ናቸው፦ ምኞት፣ ጥላቻና አለማወቅ። ያን ስብከት የሰሙት ቀድሞ እሳት ያመልኩ የነበሩ ባሕታውያን ናቸው። እሳት ለሚያውቅ ሰው በእሳት ነገረው። በነሱ ቋንቋ «ኡፓዳና» የሚባል ቃል አለ። ሁለት ትርጉም አለው፦ ማገዶ ማለት ነው፣ አጥብቆ መያዝም ማለት ነው። ማገዶ ካልጨመርሽ እሳት በራሱ ጊዜ ይጠፋል። ጓደኛሽ ያን ማታ የነገረችሽ ይሄንኑ ነው። እኔ አንብቤ ያገኘሁትን እሷ ስኒ ስባሪ እየለቀመች ኖራዋለች።

ቦታ ነው ወይ ላልሽው፣ ቫቻጎታ የሚባል ተቅበዝባዥ ይሄንኑ ጠይቆታል። የነቃ ሰው ሲሞት ወዴት ይሄዳል? ቡድሃ መልሶ ጠየቀው፦ ፊትህ ያለው እሳት ሲጠፋ ወዴት ሄደ ትላለህ? ምሥራቅ? ምዕራብ? ሰውየው ጥያቄው እንደማያስኬድ ገባው።

የዲማው ተማሪ፦

ወንድሜ ጥሩ አስረድተሃል። ሁለት ነገር ግን ልበል።

አንደኛ፣ ብርሃንን ጨርሰህ አትጣለው። ሲዳርታ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳርናት ላይ ለአምስቱ ጓደኞቹ ሲያስተምር «ዓይን ተከፈተልኝ፣ ዕውቀት መጣልኝ፣ ብርሃን ወጣልኝ» የሚል ቃል አለበት። ፓሊ በሚባለው የጥንት ቋንቋ የተጻፈው መጽሐፋቸው ውስጥ ያለ ነው፤ አውሮፓ የጨመረችው አይደለም።

ሁለተኛ፣ የነሱ ሙሉ በሙሉ የነቃ መነኩሴ «አረሃንት» ይባላል። ትርጉሙ «የተገባው» ነው። እኛ ስለ አንድ አባት «በቅተዋል» ስንል፣ «የበቁ አባት» ስንል፣ ቃሉ በጣም ይጠጋል። እኔ ይህን ሳውቅ ገረመኝ። ነገሩ ግን አንድ አይደለም። የኛ ብቃት በእግዚአብሔር ጸጋ የሚሰጥ ነው። በነሱ ሰጪ የለም። ሰውየው ራሱ አይቶ፣ ራሱ ይለቃል። ይህን ልዩነት መሸፋፈን ለእህታችንም ለጓደኛዋም ክብር አይሆንም።

ባለባቡሩ፦

አመሰግናለሁ፤ የብርሃኑን ነገር ተቀብያለሁ። ያ ብርሃን ማየት መቻል እንጂ በዓይን የሚታይ ቦግታ እንዳልሆነ ብቻ ይታወቅ። ስለ ጸጋው ያልከውም ልክ ነው፤ ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ስሜት የሌለው መሆን ነው ወይ የሚለውን ዘልዬዋለሁ። አይደለም። ቡድሃ ከነቃ በኋላ 45 ዓመት አስተምሮ በ80 ዓመቱ ነው ያረፈው። በእርጅናው ጀርባውን ያመው ነበር። አሞኛል ብሎ ትምህርቱን ለደቀ መዝሙሩ ሰጥቶ ጋደም ያለበት ጊዜ ተጽፏል። በሌላ ቦታ ደግሞ ሁለት ፍላጻ ይላል። የመጀመሪያው ሕመሙ ነው፤ የነቃውንም ያልነቃውንም ይወጋል። ሁለተኛው ሰው በሕመሙ ላይ የሚጨምረው ነው፦ «ለምን እኔን? ምን በደልኳት? ነገ ደግሞ ምን ትለኝ ይሆን?» አንቺ ስትገላበጥ ያደርሽው በሁለተኛው ነው። የጮኸችባት ማዳም አጥፍታ ይሆናል፤ ይሄ ትምህርት ጥፋቷን አያነሳላትም። ዝም ማለትም ሁሌ ልክ ነው እያልኩ አይደለም።

ሐሙስ ልጅ፦

እኔ ያለሁት ጃፓን ነው። እዚህ ዜን የሚባለው የቡድሂስት ወገን መነኮሳት ነገሩን ትንሽ ለየት አድርገው ነው የሚያዩት። ዶገን የሚባል መምህራቸው፣ ከ1200 እስከ 1253 የኖረ፣ መቀመጡና መንቃቱ አንድ ነው ብሏል። አንድ ቀን ላገኘው ብለህ የምትቀመጥለት ነገር የለም፤ በደንብ ስትቀመጥ ያው እሱ ነው። ታኅሣሥ ሲገባ በአውሮፓውያኑ 8ኛው ቀን እስኪነጋ ድረስ አንድ ሳምንት አጥብቀው ይቀመጣሉ። የሲዳርታን ሌሊት አብረውት እንደማደር ነው። ከተቀመጡ ሰዎች ጋር አንድ ጠዋት ብቻ ነበርኩ። ጉልበቴ ብቻ ነው የነቃው ብዬ ለመነኩሴው ብነግረው፣ ጉልበትህን ማወቅህ ጥሩ ጅምር ነው አለኝ። ከልቡ ነበር።

የአዋሬዋ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁሉንም ሁለት ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ትናንት ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ሻይ እያፈላሁ ጠየቅኳት። አኑራዳፑራ ስላት እጄን ያዘችኝ። በልጅነቷ እናቷ ወስዳት ነጭ ለብሳ አበባ ይዛ እንደሄደች ነገረችኝ። ቅጠሉን በእጇ ስላ አሳየችኝ፣ ጅራቱን ጭምር።

ከዚያ ኒርቫና በናንተ ቋንቋ ምን ማለት ነው አልኳት። ዐረብኛው አልመጣላትም። ትንሽ አሰበች። ተነስታ ሻዩን ወደ ጎን አደረገችና የምድጃውን ቁልፍ አዞረችው። ሰማያዊው እሳት ጠፋ። «ኒቫና» አለችኝ። ቀጥላ እጄን ወስዳ ማንደጃው አጠገብ አቆየችው፣ እስኪበርድ ድረስ።