በስድስት ኪሎ የሕግ ዲግሪ የእንግሊዝ ባሪስተር መሆን

ማሂ ከአራት ኪሎ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ስድስት ኪሎ ኤልኤልቢ ለጨረሰ ሰው የእንግሊዝ ባሪስተርነት (ፍርድ ቤት ቆሞ የሚከራከር ጠበቃ መሆን) ከየት ይጀምራል? ተመልሶስ በዚያው ማዕረግ ልደታ ፍርድ ቤት መከራከር ይቻላል?

መላሽ 1፦ እህቴ፣ የውጭ ዲግሪ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ 7ቱን መሠረታዊ የሕግ ትምህርቶች በመቀየሪያ ዲፕሎማ መማር ይጠይቃል። ከነሱ አንዱ ኢኩዊቲ (የእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች የሕግን ግትርነት በፍትሕ ለማቃናት ያዳበሩት የሕግ ክፍል) ለኛ ሰው እንግዳ ነውና ጊዜ ስጪው። ቀጥሎ የባር ኮርስ (የባሪስተርነት ሙያ ሥልጠና) ነው። ሰው የሚሰናከለው ግን ምዝገባው ላይ ነው፦ ኮርሱ ሊጀመር ቢያንስ 12 ሳምንት ሲቀረው ከአራቱ ኢኖች፣ ማለትም ከባሪስተሮች የሙያ ማኅበራት (ሊንከንስ፣ ግሬይስ፣ ኢነር ቴምፕል፣ ሚድል ቴምፕል) ለአንዱ የአባልነት ማመልከቻ መግባት አለበት። የእንግሊዝኛ ፈተናው አይኢኤልቲኤስ ደግሞ በየክፍሉ 7.5 ነው፤ ራይቲንግ 7 ከመጣ ሌላው 9 ቢሆንም አያድንም።

መላሽ 2፦ ልጨምርበት። ኢኑ የሚያዘጋጃቸውን 10 መርሐ ግብሮች ጨርሰሽ ወደ ባር ብትጠሪም የሚሰጥሽ የባሪስተርነት ማዕረግ እንጂ የመሥራት ፈቃድ አይደለም። የ12 ወር ፒዩፒሌጅ (የሥራ ላይ ሥልጠና) አለ፦ 6 ወር ከአሠልጣኝ ባሪስተር ሥር ሆኖ መከታተል፣ 6 ወር በጊዜያዊ ፈቃድ ጉዳይ መያዝ። ዋናው ማነቆ እሱ ነው፤ አመልካቹ ብዙ፣ ቦታው ጥቂት። ኮርሱ ካለቀ በ5 ዓመት ውስጥ መጀመር አለበት።

መላሽ 1፦ ለልደታው፣ ማዕረጉ ብቻውን አይበቃም። የፌዴራል ጥብቅና ፈቃድ የሚሰጠው በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 መሠረት ነው።