የአድሚኖች ጓዳ የት ይሁን?

ሰላም የቤቱ ልጆች። የአዲስ መጤዎች መረዳጃ ግሩፓችን አድሚኖች አምስት ደርሰናል። የምንማከረው እዚያው ቴሌግራም ላይ በከፈትነው ሁለተኛ ግሩፕ ነው። ባለፈው ሳምንት አንዱ አድሚን «ይሄ ሰውዬ ዛሬም ጀመረው» ብሎ ለእኛ የጻፈው ዋናው ግሩፕ ላይ ወጣ። የሁለቱም ግሩፕ ምስል አንድ ነበር! እስኪያጠፋው ሰውዬው አንብቦታል። ወዴት እንሂድ?

መልስ፦ እኛም ደርሶብናል ወንድሜ። ዋናው ግሩፕ ባለበት አፕ ላይ የአድሚን ወሬ አይቀመጥም፤ ጣት ይስታል። ሌላም አለ፤ ቴሌግራም ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚመሰጠረው (ከላኪና ከተቀባይ በቀር የአፑ ባለቤት እንኳ የማያነበው) «ሚስጥራዊ ቻት» የሚባለው ነው፣ እሱም ለሁለት ሰው እንጂ ለግሩፕ አይሠራም። ለተራ ወሬ ግድ የለም። ግን አንዱ የመኖሪያ ፈቃዱን ፎቶ አንስቶ «ይሄ ምን ማለት ነው?» ይልሃል፣ አንተ ደግሞ «እስቲ እዩት» ብለህ ለአራቱ ታስተላልፋለህ። የሰው ወረቀት እኮ ነው።

ዋትስአፕ ግሩፑንም ይመሰጥራል፤ ችግሩ ስልክ ቁጥር ነው። ተጣልቶ የወጣ አድሚን ቁጥርህን ይዞ ነው የሚወጣው። እኛ ሲግናል የሚባል ሌላ የመልእክት አፕ ገባን። ለመመዝገብ ስልክ ቁጥር ቢጠይቅም፣ ከ2024 ወዲህ በዩዘርኔም መገናኘት ይቻላል፤ ቁጥርህን ላልመዘገበ ሰው አያሳይም። መልእክቱ በ4 ሳምንት እንዲጠፋ አድርገነዋል።

መጥፋቱ ግን አንድ ጊዜ ጉድ ሠርቶናል። የታገደ ልጅ ከሁለት ወር በኋላ «ጥፋቴ ምን ነበር?» ብሎ መጣ፤ ከእኛ አንድም የሚያስታውስ ጠፋ። አፍረን መለስነው። አሁን ውሳኔ ብቻ የሚጻፍበት ሰነድ አለን፦ ቀኑ፣ የተጣሰው ደንብ፣ ምን እንደተወሰነ። ሐሜት አይገባበትም፣ የሰው ወረቀትም አይለጠፍበትም።

ሌላ መልስ፦ ኢሜይል አይሻልም?

መልስ፦ ለሰነዱ ይሆናል። ሌሊት ግሩፑ ውስጥ ስድድብ ሲነሳ ግን ኢሜይል ማን ይከፍታል?

ጠያቂው፦ እግዜር ይስጥልኝ። ምስሉን አሁን ቀየርኩት። አንዷ አድሚን ግን አዲስ አፕ አልጭንም ብላለች።

መልስ፦ እንግዲያው እሷ እስክትስማማ አትንቀሳቀሱ። አራታችሁ ሲግናል ላይ፣ እሷ ቴሌግራም ላይ ከሆነች ጓዳው ሁለት ሆነ፤ ስለ እሷም ማውራት የምትጀምሩት ያኔ ነው።