ክፍት ንድፍ ገልብጦ መሸጥ፦ ፈቃዱ ካለ ሌላ ምን ይፈለጋል?

አወያይ፦ ለክርክር የቀረበው ደንብ ይህ ነው፦ «በክፍት ፈቃድ የተለቀቀ የሞዱላር ሲንተሳይዘር ሞጁል ተገጣጥሞ በቡድናችን ለሽያጭ የሚቀርበው ዋናው ሠሪ ማምረቱን ካቆመ ብቻ ነው።» ሞዱላር ሲንተሳይዘር ማለት ተነጣጥለው የተሠሩ ሞጁሎች በገመድ እየተያያዙ የሚሠሩበት የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ መሣሪያ ነው። ዕቃ ያልተገጠመበት ባዶ ቦርድና ለራስ የሚገጣጠም ሞጁል ደንቡ አይመለከተውም። ድጋፍም ሆነ ተቃውሞ ከነዝርዝሩ ይቅረብ።

ሦስት ዩ፦ እቃወማለሁ። የሞጁል አምራቹን የሚውተብል ኢንስትሩመንትስን ነገር እናንሳ፣ ሁላችንም የምናውቀው ነውና። የድርጅቱ መሥራችና ንድፍ አውጪ ኤሚሊ ዢሌ የቦርዶቹን ፋይሎች የለቀቀችው በክሪኤቲቭ ኮመንስ ባይ-ኤስኤ 3.0 ፈቃድ ነው። ይህ ፈቃድ መሸጥን ይፈቅዳል፤ በምላሹ የሚጠይቀው የሠሪዋን ስም መጥቀስና የለወጥከውን ፋይል በዚያው ፈቃድ መልሶ መልቀቅ ነው። ሽያጭ እንዳይኖር ቢፈለግ ኖሮ «ኤንሲ» ያለበት ፈቃድ አለ፤ እሱን አልመረጠችም። ባለቤቷ ያልከለከለችውን እኛ በምን ሥልጣን እንከለክላለን?

ቀይ መስመር፦ ስለ ፈቃዱ ያልከው ልክ ነው፤ ከፋይሎቹ ጋር ያለውን መመሪያ ግን ዘለልከው። ሚውተብል ኢንስትሩመንትስ የተመዘገበ የንግድ ምልክት ስለሆነ በቅጂ ላይ እንዳይጻፍ፣ የሞጁሉም ስም እንዳለ እንዳይወሰድ ይመክራል። ገበያው ላይ የምናየው ግን ያው ፓነል፣ ያው ፊደል፣ «ክላውድስ» የሚል የሚውተብል ሞጁል ስም ነው። ሞጁሉ ሁለተኛና ሦስተኛ እጅ ሲገባ ቅጂ መሆኑን የሚያውቅ ሰው አይኖርም። ሲበላሽ ደብዳቤው የሚሄደው አንዲት ብር ወዳላገኘችው ንድፍ አውጪ ነው።

ባለ 12 ቮልት፦ ደንቡን እደግፋለሁ፤ ምክንያቴ ግን ስም ሳይሆን ገንዘብ ነው። አንድ ትንሽ ሠሪ 50 ሞጁል ሊያወጣ አሰበ እንበል። የአንዱ ዕቃ 60 ዩሮ ቢፈጅ አንድም ሳይሸጥ 3,000 ዩሮ ታስሯል። ቦርዱን ሦስት ጊዜ አርሞ፣ ኮዱን ጽፎ፣ መመሪያ አዘጋጅቶ የደከመበትን የሚያገኘው ከመጨረሻዎቹ ጥቂት ሽያጮች ነው። ያን ሰዓት ሌላው ፋይሉን አውርዶ 30 ገጣጥሞ በርካሽ ቢያቀርብ፣ የሚወስድበት ያችኑ ትርፍ ነው። ቀጣዩን ንድፍ የሚከፍት ሰው ከየት ይመጣል?

ሦስት ዩ፦ ስጋቱ ይገባኛል። ግን ደንቡ ያን ሠሪ አያድነውም። በሚውተብል ሞጁሎች የኤስቲኤም 32 ፕሮሰሰር ላይ የሚሠራው ኮድ የወጣው በኤምአይቲ ፈቃድ ነው፤ የቅጂ መብት ማስታወቂያውን እስካስቀመጠ ድረስ ትልቅ ፋብሪካም ይወስደዋል። ትልቁ አምራች ቤህሪንገር «ብሬይንስ» ብሎ ያወጣው ሞጁል ፕሌትስ በተባለው የሚውተብል ሞጁል ኮድ ላይ የቆመ ነው። በቤቱ 10 የሚበይደውን ሰው ከልክለን ፋብሪካውን የምናስቆምበት መንገድ የለንም።

የብየዳ ጠረጴዛ፦ ደንቡ መስፈሪያውን ያበላሸው ይመስለኛል። ክላውድስ ምርቱ የቆመው በ2017 ነው፤ ሚውተብል ራሱ በ2022 ተዘጋ። በቀረበው ደንብ መሠረት ዛሬ የሚውተብልን ሁሉ ማንም እንደፈለገ መሸጥ ይችላል ማለት ነው። ቀይ መስመር ያነሳው ችግር ደግሞ እዚያው ነው ያለው፤ እንዲያውም ዛሬ የሚጠግን አምራች ስለሌለ ይብሳል። ስለዚህ ጥያቄው «አምራቹ አቁሟል ወይ» ሳይሆን «ሻጩ ምን ሠርቶ ያስረክባል» መሆን አለበት።

ፕሌትስን በቅርብ እንየው። ፕሮሰሰሩ እግሮቹ በ0.5 ሚሊሜትር ርቀት የተደረደሩ ናቸው፤ በሁለት እግር መካከል ፀጉር የምታህል የብየዳ እርሳስ ከቀረች ሞጁሉ ይነሣል፣ አንድ ኖብ ግን አይሰማም። በአጉሊ መነጽር ካልታየ አይገኝም። ይህ እንኳ ቢያንስ የሚታይ ብልሽት ነው። የሚብሰው ካሊብሬሽን (ድምፁን ከሚገባው ቮልቴጅ ጋር ማስተካከል) ሳይደረግለት የሚሸጠው ነው። ፈርምዌሩ (የሞጁሉ ኮድ) ስለተጫነ ድምፅ ይሰጣል፣ መብራቱ ይበራል፣ ሻጩም «ተፈትኗል» ይላል። በቪ-ኦክት መግቢያው (አንድ ቮልት ሲጨመር ድምፁ አንድ ኦክታቭ በሚወጣበት) ስትጫወትበት ግን ኦክታቩ ኦክታቭ አይሞላም። አሠራሩ አጭር ነው፤ ሌሎቹን ገመዶች ሁሉ ነቅለህ ሁለቱን ቁልፎች አንድ ላይ ትጫናለህ፣ በቪ-ኦክት 1.000 ቮልት ሰጥተህ ቁልፍ፣ ከዚያ 3.000 ቮልት ሰጥተህ እንደገና ቁልፍ። የሚያስፈልገው እርግጠኛ ቮልቴጅ የሚሰጥ ምንጭና ጥሩ መለኪያ ብቻ ነው። ይህን ያላደረገ ሰው የሸጠው ያላለቀ ሥራ ነው።

ጀማሪ፦ እህቴ፣ ካሊብሬት ከተደረገ በቃ ማለት ነው? ርካሽ ሬዚስተር ቢገባስ?

የብየዳ ጠረጴዛ፦ አይበቃም፣ ጥሩ አነሳህ። ባለ 1 ፐርሰንት ሬዚስተር የሚያመጣውን የመነሻ ስህተት ካሊብሬሽን ያርመዋል። ከሙቀት ጋር የሚመጣውን መንሸራተት ግን አያርምም። ርካሹ ሬዚስተር ብዙ ጊዜ በአንድ ዲግሪ 100 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 100 እጅ) ይለዋወጣል፤ ባለ 0.1 ፐርሰንቱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 25። የራኩ (ሞጁሎቹ የሚደረደሩበት ሳጥን) ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር 100 ፒፒኤም 0.1 ፐርሰንት ይሆናል፤ በ5 ቮልት ላይ 5 ሚሊቮልት፣ ማለትም 6 ሴንት ገደማ (አንድ ሴንት የኦክታቭ 1,200ኛ ክፍል ነው)። በከፋ ሁኔታ ነው፤ ቢሆንም ከሌላ ኦሲሌተር (ድምፅ አመንጪ) ጋር አብሮ ሲጮኽ ጆሮ ይይዘዋል። በቪ-ኦክት መንገድ ላይ ዕቃ የቀየረ ሻጭ መቀየሩን መጻፍ አለበት።

ቀይ መስመር፦ በዚህ ላይ የኃይል መግቢያው ይጨመር። ቀዩ የገመድ መስመር ወደ ነጌቲቭ 12 ቮልት መሆኑ ቦርዱ ላይ ይጻፍ። ባለ 10 ፒኑ ሶኬት ተገልብጦ ሲሰካ ፖዘቲቩና ነጌቲቩ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ መከላከያ ዳዮድ ከሌለ ቺፖቹ ያኔውኑ ይቃጠላሉ። ግድግዳ ያለው ሶኬት ብቻውን አያድንም፤ የገመዱ ራስ ተገልብጦ የታሰረ ከሆነ በትክክለኛው ቀዳዳ ገብቶም ያቃጥላል። ፓነሉም እንደዚያው። ኤችፒ የፓነል ስፋት መለኪያ ነው፤ 12 ኤችፒ በ5.08 ሚሊሜትር ሲባዛ 60.96 ይመጣልና ብዙዎች እንዲያ ይቆርጡታል። የሞጁሎቹን የመጠን ደረጃ ያወጣው የዶፕፈር ሠንጠረዥ ግን 60.60 ይላል። ያቺ ቅንጣት ስትደማመር ረድፉ መጨረሻ ላይ አንድ ሞጁል አልገባም ይላል።

ባለ 12 ቮልት፦ ስለ ጥራት የተባለውን ሁሉ እቀበላለሁ። ግን ጥራቱ ያማረ ቅጂ ሠሪውን ይበልጥ ነው የሚጎዳው፣ አይደለም እንዴ? ዛሬ እየሠራ ያለ፣ ፋይሉን ሳይሰስት ያካፈለ ሰው ምን ያግኝ?

ሦስት ዩ፦ አስቀድሞ ይጠየቅ። ሁለት መስመር መልእክት ናት፦ «ይህን ያህል ልሠራ ነው፣ በዚህ ስም፣ ቅር ይልሃል?» ፈቃዱ አያስገድድም፤ እኛ ግን በቡድናችን ልናስገድድ እንችላለን። «ቆየኝ፣ የኔ ዙር ይለቅ» ካለ መቆየት ነው።

ባለ 12 ቮልት፦ እንዲህ ከሆነ ሐሳቤን አለሳልሳለሁ። መልስ ካልሰጠስ?

የብየዳ ጠረጴዛ፦ 30 ቀን ይጠበቅ። መልስ ከጠፋ ባዶ ቦርድ ይሸጥ፣ የተገጣጠመ ግን አይሸጥ። የቅድሚያ ክፍያም ቢሆን ከሰው የሚሰበሰበው ቢያንስ ሁለት ናሙና ተገጣጥሞ ከተለካ በኋላ ይሁን፤ ያልተሞከረ ቦርድ ላይ የተሰበሰበ ገንዘብ ስንት ሰው እንዳጣላ ሁላችንም እናውቃለን።

ሦስት ዩ፦ በባዶ ቦርዱ እስማማለሁ። ዝምታን እንደ ክልከላ መቁጠሩን ግን አልቀበልም፤ ፈቃዱን አስቀድሞ በጽሑፍ የሰጠ ሰው ዝም አላለም።

አወያይ፦ የመጀመሪያው ደንብ ተነሥቷል። አዲሱ ረቂቅ፦ የተለየ ስም፣ የዋናው ንድፍ አውጪ ስም በፓነሉ ጀርባ፣ የተለወጠው ፋይል በይፋ፣ የካሊብሬሽን ልኬት ከነፎቶው፣ የቀየሩት ዕቃ ዝርዝር፣ የሻጩ አድራሻ ለጥገና። ለሠሪው ዝምታ የሚሰጠው ትርጉም ለብቻው ድምፅ ይሰጥበታል፤ እስከ እሑድ ማታ ክፍት ነው።