ሐዋሳ ሐይቅ ላይ በምሽት ዓሣ ለማየት ምን ዓይነት የውሃ ውስጥ ካሜራ ልግዛ?

ጥያቄ፦ የታቦር ልጅ (ሐዋሳ)

ሰላም ለሁላችሁም። ከሥራ መልስ ከጓደኛዬ ጋር በጀልባ ወጥተን በመንጠቆ ዓሣ እንይዛለን። ቀን ላይ ቆሮሶ አይጠፋም። እኔ የምፈልገው ግን አምባዛ ነው፤ እሱ ደግሞ ደህና የሚንቀሳቀሰው ከመሸ ነው።

ችግሬ ታች ምን እየሆነ እንዳለ አለማወቄ ነው። ክሩ ይነቀነቃል፣ ስስበው ትሉ ተበልቷል። አምባዛ መጥቶ ነው ወይስ ትንንሽ ዓሣ እየለቀመው? ወይስ መንጠቆው ጭቃ ውስጥ ገብቶ ነው?

ስለዚህ ካሜራ ልገዛ ነው። ሦስት ዓይነት አይቻለሁ። አንደኛው ዋናተኞችና ሞተረኞች የሚይዙት ትንሿ አክሽን ካሜራ ናት። ሁለተኛው ከስልክ ጋር የሚገናኝ፣ መካኒኮች ሞተር ውስጥ የሚያዩበት ቀጭን የገመድ ካሜራ ነው። ሦስተኛው ለዓሣ ተብሎ የተሠራ፣ ረጅም ኬብልና ስክሪን ያለው፣ ዙሪያውን የኢንፍራሬድ (ለሰው ዓይን እምብዛም የማይታይ ብርሃን) መብራት የተደረደረበት ነው። የምንሠራበት ጥልቀት ከ4 እስከ 8 ሜትር ነው። በጀቴ 25 ሺህ ብር ገደማ። በጨለማ የሚያሳየኝ የትኛው ነው?

መልስ፦ ጠጋኙ (አዲስ አበባ)

ወንድሜ፣ ሁለቱን ከወዲሁ ተዋቸው።

የመካኒኮቹ ካሜራ አብዛኛው አይፒ 67 የሚል የውሃ መከላከያ ደረጃ ያለው ነው። ይህ ማለት በ1 ሜትር ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ይቆያል ማለት ነው፤ ከዚያ በላይ ማንም ቃል አልገባልህም። 8 ሜትር ስትወርድ ግፊቱ ከውሃው በላይ ካለው ወደ እጥፍ ይጠጋል። አንተ የምትፈልገው አይፒ 68 ነው። እሱም ቢሆን ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም፤ ስንት ሜትር ድረስ እንደሚችል አምራቹ በግልጽ የጻፈበት መሆን አለበት።

አክሽን ካሜራ ለቀን ጥሩ ነው። ማታ ግን ሴንሰሯ (ብርሃን ተቀብሎ ምስል የሚሠራው ክፍል) ትንሽ ስለሆነ ምስሉ በነጠብጣብ ይሞላል። ሌላም ችግር አላት። በስልክህ እያየሁ እሠራለሁ ብለህ ከሆነ አይሆንም፤ ዋይፋይ ውሃ ውስጥ አያልፍም። ካሜራዋ ገና እንደጠለቀች ስልክህ ላይ ያለው ምስል ይቋረጣል። የሆነውን የምታየው ከወጣች በኋላ ነው።

የቀረህ ሦስተኛው ነው። እሱን ስትመርጥ በ4ኬ እና በሜጋፒክስል አትታለል። በጨለማ የሚረዳህ ብርሃን የሚሰበስብ ሴንሰር ነው። 1/3 ኢንች የሚለው 1/4 ኢንች ከሚለው ይሰፋል። ሌንሱ ላይ ኤፍ የሚል ቁጥር ታያለህ፤ እሱ ሲያንስ ይሻላል። ኤፍ 2.0 ከኤፍ 2.8 እጥፍ ብርሃን ያስገባል። ሉክስ የሚለውን፣ በምን ያህል ብርሃን እንደሚያይ የሚገልጸውን ቁጥር ግን ብዙ አትመነው፤ እያንዳንዱ አምራች በፈለገው አቀማመጥ ለክቶ ነው የሚጽፈው። በጨለማ ወደ ጥቁርና ነጭ የሚቀየር ከሆነ ደግሞ ጥሩ ነው፤ ከቀለም ይልቅ ቅርጹ ይለይልሃል።

መልስ፦ የሐይቅ ተማሪ (ሐዋሳ)

ጠጋኙ ስለ ካሜራው ያለው ልክ ነው። እኔ ግን ከውሃው ብትጀምር ነው የምመክርህ። በጣም ውድ የሆነው ካሜራ እንኳ ውሃው ከሚፈቅድለት በላይ አያይም።

ሐይቃችን አረንጓዴ የሆነው ደቃቅ ዋቅላሚ ስለበዛበት ነው። በጥቁር ውሃ ወንዝ መግቢያ በኩል ደግሞ ክረምት ላይ ደለል ይጨመራል። መለኪያው ቀላል ነው። ነጭ ሰሐን ፈልግ፣ ድንጋይ እሰርበት፣ ምልክት ባለው ገመድ በጥላ በኩል አውርደው። ከዓይንህ የሚጠፋበትን ጥልቀት መዝግብ። እ.ኤ.አ. በ1865 አንጄሎ ሴኪ የተባለ ጣሊያናዊ ቄስ የጀመረው ዘዴ ነው፤ የሐይቅ ባለሙያዎች እስከ ዛሬ ይሠሩበታል። እኩለ ቀን አካባቢ፣ ነፋስ ሳይነሳ ለካው። ዓሣ በምትይዙበት ቦታ ሁሉ ድገመው፤ ከዳር እስከ መሐል ይለያያል።

ስለ አምባዛው ደግሞ ልጨምርልህ። ዓይኑ ትንሽ ነው። አፉ ዙሪያ ባሉት አራት ጥንድ ሪዞች እየዳሰሰና እያሸተተ ነው ምግቡን የሚያገኘው። ስለዚህ ጨለማው እሱን አይጎዳውም፤ የሚጎዳው አንተን ነው። በነጭ መብራት ካጥለቀለቅኸው ግን የምታየው የተለመደ ጠባዩን አይሆንም። ነጭ ብርሃን ደቃቅ ነፍሳትን ይሰበስባል፣ እነሱን ተከትሎ ትንንሽ ዓሣ ይመጣል፣ ትልህም ቶሎ ያልቃል። ኢንፍራሬድ የሚመረጠው ለዚህ ነው፤ አብዛኛው ዓሣ አያየውም።

መልስ፦ የቆቃ አስጋሪ (አዳማ)

እኔ ካሜራ አልመክርህም። ቆቃ ላይ ነው የምሠራው። አዋሽ የሚያመጣውን ደለል ታውቀዋለህ። ወንድሜ ከውጭ ያመጣልኝ ካሜራ እዚያ ውስጥ የሚያሳየው ቡናማ ነገር ብቻ ነው፤ እጄን ሌንሱ ፊት ካላደረግሁ በቀር ምንም የለም። አሁን የምጠቀመው የዓሣ መፈለጊያ ሶናር ነው። በድምፅ ስለሚሠራ ደፈረሰ፣ ጨለመ አይልም። ድምፁ 20 ዲግሪ ሰፍቶ የሚወርደው ዓይነት 8 ሜትር ላይ ወደ 3 ሜትር የሚጠጋ ስፋት ያለው ክብ ይሸፍንልሃል። ጥልቀቱን ይነግርሃል፣ ዓሣ ያለበትን ቦታ ይነግርሃል። ለጀልባ ሰው ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል?

ጠጋኙ

የአዳማው ወንድማችን ለቆቃ ትክክል ነው፤ ያለ ክርክር። የሐዋሳው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ዓሣ የት አለ አይደለም ያለው፣ መንጠቆዬን ማን እየነካው ነው ነው ያለው። ሶናር ዝርያ አይለይም። መሬት ላይ የተኛ አምባዛ ደግሞ ስክሪኑ ላይ ከወለሉ ጋር ይቀላቀላል። ለዚህኛው ጥያቄ ካሜራ ነው መልሱ፤ ውሃው ከፈቀደ።

መልስ፦ አሞራ ገደል (ሐዋሳ)

ልጆቼ፣ የኤሌክትሮኒክሱን ለእናንተ ልተው። እኔ በዚህ ሐይቅ ላይ ያረጀሁ አስጋሪ ነኝና የጀልባውን ልንገርህ።

መጀመሪያ ጉማሬ። ሲመሽ ለግጦሽ ወደ ዳር ይወጣል፣ ሲነጋጋ ይመለሳል። መውጫና መግቢያው ላይ ጀልባ እንዳታቆም። ዓይንህን ስክሪን ላይ ተክለህ ስትቀመጥ ዙሪያህን ትረሳለህ። አንዳችሁ ስክሪኑን ሲያይ ሌላው ውሃውን ይይ። ይህን ነገር እንደ ቀላል አትየው።

ሁለተኛ መረብ። እኛ ከሰዓት የጣልነውን ጠዋት ነው የምናወጣው፤ ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ውስጥ ነው። ኬብልህ ከመረብ ጋር ከተያያዘ መረቡም ይቀደዳል፣ ካሜራህም ይቀራል። ተንሳፋፊውን በብርሃን ሳለህ አይተህ ቦታ ያዝ።

ሦስተኛ፣ ካሜራውን በኬብሉ ብቻ አታንጠልጥለው። ጀልባ ሲዞር እሱም ይዞራል፣ አንዴ ወደዚያ አንዴ ወደዚህ እያየ ምንም አያሳይህም። ጠንካራ ገመድ ከጎኑ አድርግ፣ ክብደቱን ገመዱ ይሸከም። ከታች ድንጋይ እሰርበት። ጀልባውንም ከፊትና ከኋላ በሁለት መልሕቅ አቁመው። ድንጋዩ ጭቃውን ሲመታ ውሃው ይደፈርሳል፤ እስኪጠራ ታገሥ።

የታቦር ልጅ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ የመረቡ ነገር ፈጽሞ አልመጣልኝም ነበር።

ሰሐኑን አውርጄ ለካሁ። እኛ በምንቆምበት ቦታ የጠፋው 80 ሴንቲሜትር አካባቢ ላይ ነው። ዳር ላይ ከዚያም ያንሳል። ታዲያ ተስፋ አለኝ? ሻጩ ደግሞ 850 ናኖሜትርና 940 ናኖሜትር የሚባል፣ በብርሃኑ የሞገድ ርዝመት የሚለያይ የኢንፍራሬድ ምርጫ አለ አለኝ። 940 ጭራሽ አይታይም፣ ስለዚህ ይበልጣል ይላል።

የሐይቅ ተማሪ

ተስፋ አለህ፤ ግን ሩቅ አትጠብቅ። የሰሐኑ ልኬት የቀን ብርሃን ነው። ማታ በራስህ መብራት የምታየው ከዚያም ያነሰ ይሆናል። ግማሽ ሜትር ያህል ካየህ ደህና ነው። ስለዚህ ካሜራው ሐይቁን ሳይሆን መንጠቆህን ይይ። ትሉ ከሌንሱ 30 ወይም 40 ሴንቲሜትር ርቀት ላይ ይሁን።

ጠጋኙ

በአየር ላይ ሻጩ እውነቱን ነው። 940 በዓይን አይታይም፣ 850 ግን ስታየው ደብዛዛ ቀይ ፍም ይመስላል። ውሃ ውስጥ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። ውሃ ኢንፍራሬድን ይውጣል፤ 940ን ደግሞ ከ850 በጣም አብልጦ ይውጠዋል። አንተ 850 ግዛ።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን። መብራቱ በሌንሱ ዙሪያ ተደርድሮ ሲመጣ ለአያያዝ ያምራል፣ ለደፈረሰ ውሃ ግን አይመችም። አቧራ በሞላው መንገድ ላይ ረጅም መብራት እንደማብራት ነው፤ ብርሃኑ ቅንጣቶቹ ላይ አርፎ ወደ ዓይንህ ይመለሳል፣ ስክሪኑም ነጭ ይሆናል። ብዙ ሰው መብራቱ አነሰ ብሎ ይጨምርበታል፤ ይብስበታል። መቀነስ ነው ያለበት። ስለዚህ መብራቱ የሚቀነስና ጭራሹን የሚጠፋ ካልሆነ አትግዛ። ለእኔ ይህ ከሴንሰሩም ይበልጣል።

ከዚያ አነስ ያለ፣ ውሃ የማይገባው 850 መብራት ለብቻው ገዝተህ ከካሜራው 40 ሴንቲሜትር ያህል ወደ ጎን እሰረው። በሰያፍ ወደ መንጠቆው ያብራ። በሌንሱና በትሉ መሐል ያለው ውሃ ጨለማ እንደሆነ ይቀራል፣ ትሉ ግን ይበራል። በዚህ የምታገኘው ልዩነት ሌላ ካሜራ ከመግዛት ይሻላል።

ሰፊ ሌንስም ምረጥ፤ ቀርበህ ስለምታይ። ሳጥኑ ላይ 120 ዲግሪ ቢልህ ፊቱ ጠፍጣፋ መስታወት ከሆነ ውሃ ውስጥ ወደ 80 ይወርዳል። 60 የሚለውን ተወው።

የቆቃ አስጋሪ

በዚህ አሠራር ከሆነ እኔም ተስማምቻለሁ። ባትሪውን አትርሳ። አብሮት የሚመጣው 12 ቮልት 4.5 አምፔር ሰዓት ቢሆንና ስክሪንና መብራቱ ተደምረው ግማሽ አምፔር ቢበሉ፣ በስሌት 9 ሰዓት ነው። ሊድ አሲድ ከሆነ ግን ከግማሽ በታች አታውርደው፣ ቶሎ ይሞታል። ስለዚህ 4 ሰዓት ያዝ። ስክሪኑንም ደብዘዝ አድርገው፤ በርቶ ፊትህ ላይ ካፈጠጠ ዙሪያህን ማየት አትችልም። የጋሼን ጉማሬ አስብ።

የታቦር ልጅ

ቅዳሜ ልሄድ ነው። ሱቅ ውስጥ እንዴት ልሞክረው?

ጠጋኙ

በመብራት ስር የሚያሳዩህን አትቀበል። ባልዲ ሙሉ ውሃ አስመጣ፣ ጥቂት ጠብታ ወተት ጨምርበት፣ ክፍሉን አጨልም። አንድ ሳንቲም ታች ጣል። ካሜራውን አስገብተህ መብራቱን ከሙሉ እስከ ዜሮ ቀስ እያልክ ቀንስ። ሳንቲሙ የሚለይበት ደረጃ ካለ ጥሩ ካሜራ ነው። ለውጥ ከሌለው፣ ወይም መብራቱ ሁለት ደረጃ ብቻ ካለው፣ ሌላ ሱቅ ሂድ።

ከዚያ እዚያው ባልዲ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ተወው። አውጥተህ መስታወቱን ከውስጥ በኩል እይ። ጉም ካለ አትክፈል። ኬብሉ ካሜራው ውስጥ የሚገባበትን ቦታ በጣትህ ጎንበስ ቀና አድርገው፤ ውሃ ብዙ ጊዜ የሚገባው በዚያ ነው። ከተንቀሳቀሰ ወይም የላስቲክ ማጥበቂያ ከሌለው አትውሰደው። ኬብሉ 15 ሜትር ይበቃሃል። 30 ሜትሩን ቢሰጡህ የሐዋሳ ሐይቅ ጥልቁ ቦታ እንኳ 22 ሜትር አካባቢ ነው፤ ትርፉ ጀልባ ውስጥ እግርህ ላይ ይጠመጠማል።